የእንግሊዝኛ ንግግር በኮሌጅ ክፍል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲያነቡ እየገባቸው፣ ሲጽፉም እየሆነላቸው፣ ለመናገር ሲነሡ ግን አንደበታቸው አልፈታ ለሚላቸው የፍሬሽማን ተማሪዎችና ለኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ መምህሮቻቸው የተዘጋጀ።

«መካከለኛ ደረጃ» የሚባለው የቱ ነው? እኔስ እዚያ ውስጥ እገባለሁ?

የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ባወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ ስድስት እርከኖች አሉ፤ ከኤ1 ተነስቶ ሲ2 ላይ ያበቃል። መካከለኛ የሚባሉት ቢ1 እና ቢ2 ናቸው። ቢ1 ላይ ያለ ሰው ስለሚያውቀው ነገር፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስላለፈው ክረምት፣ ዓረፍተ ነገር እያያያዘ ያወራል። ቢ2 የደረሰ ደግሞ አቋም ይዞ ይከራከራል፤ «ለምን?» ሲሉት ምክንያቱን ያስረዳል።

ራሳችሁን ለመመዘን ፈተና አያስፈልጋችሁም። ስልካችሁን ቀረጻ ላይ አድርጉና ምንም ሳትጽፉ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራሁ» በሚለው ላይ 2 ደቂቃ አውሩ። በ30 ሰከንድ ወሬው ካለቀባችሁ ገና ጀማሪ ናችሁ። እየቆማችሁ፣ እየተሳሳታችሁም ቢሆን 2ቱን ደቂቃ ከጨረሳችሁ መካከለኛ ናችሁ። ቀረጻውን አታጥፉት፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ግራመር አውቃለሁ፣ ፈተናም አልፋለሁ። ታዲያ መናገር ለምን አቃተኝ?

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን በሰዓቱ ማውጣት ሌላ ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ምርጫ ነው። ምርጫ ላይ መልሱ ፊታችሁ ተቀምጧል፤ የእናንተ ሥራ መለየት ብቻ ነው። ስትናገሩ ግን የተቀመጠ ነገር የለም። ቃሉንም፣ የግሡን ጊዜም፣ ቅደም ተከተሉንም ያ ሰው እየጠበቃችሁ ራሳችሁ ታመጣላችሁ። ይሄንን አፍ የሚለምደው በመናገር ነው። ሌላ የግራመር መጽሐፍ ብትጨርሱ የሚጨምረው የምታውቁትን እንጂ የምትናገሩትን አይደለም።

ክፍላችን ውስጥ 50 ተማሪ አለ። በ50 ደቂቃ ማን ይናገራል?

መምህሩ አንድ በአንድ እያስነሣ ካናገረ ለአንድ ሰው 1 ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ መምህሩ ራሱ የሚናገረው ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ከ50ው ደቂቃ 20ው ለጥንድ ሥራ ቢሰጥ ግን እያንዳንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ ያወራል። ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት ነው። ጫጫታው ያስጨንቅ ይሆናል፤ 25 ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራበት ክፍል ግን ሌላ ድምፅ ሊኖረው አይችልም።

ጥንድ ሥራ የሚከሽፈው ጥያቄው ንግግር የማያስገድድ ሲሆን ነው። «ስለ ትምህርት ጥቅም ተወያዩ» ከተባለ 2 ደቂቃ ተወያይተው ወደ አማርኛ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ምን ብለው ይነጋገሩ? አንዱ የያዘው መረጃ ሌላው ዘንድ መኖር የለበትም። ወረቀት ማባዛት ካልተቻለ ሰሌዳው ይበቃል። መምህሩ አንድ የሰፈር ካርታ ይስላል፤ ከጥንዱ አንዱ ሰሌዳውን ያያል፣ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። የሚያየው በእንግሊዝኛ ብቻ ይገልጻል፤ ጀርባ የሰጠው እየጠየቀ ደብተሩ ላይ ይስላል። 8 ደቂቃ ሲሞላ ዞሮ ያስተያያል። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆናችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ሦስተኛው ሰው አማርኛ የገባበትን ቦታ ይመዘግባል።

መምህራችን «4/3/2» የሚሉት ልምምድ ምንድን ነው? አንድን ወሬ ሦስት ጊዜ ማውራት ምን ይጠቅማል?

እዚህ ገጽ ላይ ካሉት ሁሉ አንዱን ብቻ መያዝ ብትፈልጉ ይሄንን ያዙ። ዘዴውን በ1983 ያቀረበው ኪት ሞሪስ ነው፤ በኋላ በኒውዚላንዱ ምሁር በፖል ኔሽን በኩል በሰፊው ታወቀ። የምታውቁትን ርዕስ ትመርጣላችሁ፤ ለምሳሌ ዶርም የገባችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት። 1 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ታስባላችሁ፤ መጻፍ የለም። ከዚያ ለአንድ ሰው 4 ደቂቃ ታወራላችሁ። ሰው ትቀይሩና ያንኑ ወሬ በ3 ደቂቃ፣ እንደገና ትቀይሩና በ2 ደቂቃ። አዳማጩ አያቋርጥም፣ አያርምም፤ እያያችሁ ይሰማል። የሁለታችሁ ተራ 18 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከመቀያየሩ ጋር ወደ 25 ይጠጋል። ዴስኩ የማይነቃነቅ ከሆነ አንዱ ረድፍ ብቻ በአንድ በአንድ ቦታ ይገፋል።

በ1ኛው ዙር «ዌን አይ… እ… ዌን አይ ካም… ኬም ቱ ካምፓስ… አይ… እንትን… አይ ዶንት…» እያለ የተንገታገተ ተማሪ በ3ኛው «ዌን አይ ፈርስት ኬም ቱ ካምፓስ፣ አይ ዲድንት ኖው ኤኒበዲ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። በመሀል ያስተማረው የለም። በመጀመሪያው ዙር «ምን ልበል?» እና «እንዴት ልበለው?» የሚሉ ሁለት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተጭነውት ነበር። በሦስተኛው የመጀመሪያው ተቃሎለታል፤ ስለዚህ አቅሙ ሁሉ ለቋንቋው ተረፈ። ሰው የሚቀየረውም ለዚሁ ነው፤ አዲሱ አዳማጭ ወሬውን ስላልሰማ መድገሙ የውሸት አይሆንም።

የሚበላሸውም በታወቀ መንገድ ነው። አንደኛ፣ አዲስ ቃል የሚጠይቅ ርዕስ ይመረጣል፤ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ 4 ደቂቃ ማውራት ለዚህ ልምምድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ተማሪው ጽፎ ያነባል። ሦስተኛ፣ ጊዜው ሲያጥር ወሬውን ይቆርጣል፤ የሚቆረጠው ግን ዝምታውና «እ…»ው ነው፣ ይዘቱ እንዳለ መቆየት አለበት። አንድ ጥንቃቄም አለ፦ ስህተትም አብሮ ይደጋገማል። ስለዚህ ከ2ኛው ዙር በፊት 1 ደቂቃ ወስዳችሁ «ያቃተኝ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» በሉና እሱን ብቻ አስተካክሉ። 4 ደቂቃ የሚረዝምባችሁ ከሆነ በ3/2/1 ጀምሩ።

ጓደኛዬም እንደኔው ነው። ስህተት አንማማርም?

ብዙ ሰው ይሄን ይፈራል፤ ጉዳቱ ግን ከሚፈራው ያነሰ ነው። የሁለት ሰዎች ስህተት አንድ ዓይነት አይሆንም፤ አንዱ «ሺ ጎ» ሲል ሌላው «ሺ ጎዝ» እያለ ይመልስለታል። ካልተግባቡም ይጠያየቃሉ፣ ያስረዳሉ፣ ሌላ ቃል ይፈልጋሉ፤ ይሄ ራሱ ትምህርት ነው። እውነተኛው አደጋ በአማርኛ ስለሚግባቡ በተሰበረ እንግሊዝኛም መግባባታቸው ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ተቀያየሩ፤ ከተቻለ የአፍ መፍቻው ሌላ ከሆነ ተማሪ ጋር ተቀመጡ። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪ ጓደኛ የአማርኛችሁን ጥላ አይገምትላችሁም።

መምህሩ ስንሳሳት እዚያው ማረም አለበት?

ለቅልጥፍና በሚሠራ ልምምድ ላይ የለበትም። ሰው እያወራ ቢታረም የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ያጥራል፤ ሁለተኛ ሲታረም ዝም ይላል። የሚሻለው መምህሩ በዴስኮቹ መካከል እየዞረ የሰማውን መጻፍ፣ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ስም ሳይጠራ 6 ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ማስፈር ነው። ከ6ቱ 2ቱ ትክክለኛ ይሁኑ፤ ያኔ ተማሪው ሁሉንም ስህተት ብሎ አይገምትም፣ ያስባል። አንድ አነባበብ ወይም አንድ የግሥ ቅርጽ ለመለማመድ ተብሎ በተሰጠ አጭር ሥራ ላይ ግን ወዲያው ማረም ተገቢ ነው።

በአማርኛ አስቤ ነው የምተረጉመው። እንዴት ልተወው?

በመጀመሪያ ለምን እንደሚያንቃችሁ እንይ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የሚገልጸውንም ከሚገለጸው በፊት ያመጣል። «ትናንት ገበያ ያየሁት ሰውዬ» ስንል ሰውዬው የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እንግሊዝኛው በተቃራኒው በሰውዬው ይጀምራል፤ «ዘ ማን አይ ሶ»፣ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ትናንት። የሚተረጉም ሰው «የስተርዴይ… ማርኬት…» ብሎ ይነሣና መሄጃ ያጣል። የጎደለው ቃል አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን ከጅራቱ ጀምሮት ነው። መፍትሔው አጭር ልማድ ነው፦ አፍ ሲከፈት መጀመሪያ «ማን»፣ ወዲያው «ምን አደረገ»፤ ቦታና ጊዜ ይከተላሉ። በቀን 10 ዓረፍተ ነገር እንዲህ እያላችሁ ብታወጡ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሳታስቡት ይመጣል።

ሌላው፣ በቃል ሳይሆን በሐረግ ያዙ። «ዲፔንድ» ብቻውን አይጠና፤ «ኢት ዲፔንድስ ኦን» ተብሎ ይጠና። ከአማርኛ ቀጥታ የሚገለበጡትን ደግሞ ለይታችሁ እወቁ። «ከ3 ዓመት ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ተገልብጦ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» ይሆናል፤ የሚባለው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ነው። «አይደል?» ለሁሉም «ኢዝንት ኢት?» አይሆንም፤ እስክትለምዱት «ራይት?» በሉ፣ ያስኬዳል። «እባክህ ስጠኝ» ቃል በቃል «ጊቭ ሚ ፕሊስ» ሲሆን ትእዛዝ ይመስላል። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም፤ አክብሮቱን የሚሸከመው «ኩድ ዩ» ወይም «ኩድ አይ» ነው።

እያወራሁ ቃል ሲጠፋኝ ምን ላድርግ?

ዙሩት። ሦስት ማዞሪያ ይበቃል፦ «ኢትስ ኤ ካይንድ ኦፍ…»፣ «ዊ ዩዝ ኢት ፎር…»፣ «ኢትስ ዘ ኦፖዚት ኦፍ…»። ለመለማመድ የቤታችንን ዕቃ ተጠቀሙ፤ አንዱ ምጣድ፣ ሞሰብ፣ ወንፊት፣ ሙቀጫ ይይዝና ስሙን ሳይጠራ ይገልጻል። «ኢትስ ኤ ላርጅ፣ ራውንድ ክሌይ ፕሌት። ዊ ፑት ኢት ኦን ፋየር ኤንድ ቤክ እንጀራ ኦን ኢት» ያለ ተማሪ ምጣድን ለማያውቅ ሰው አስረድቷል። «እ…» እና «እንትን» ለማሰቢያ የምንገዛቸው ጊዜያት ናቸው፤ በ«ዌል» እና «ሌት ሚ ሲ» ተኳቸው። ከሁለቱ በላይ አትሰብስቡ፤ ሲበዙ ራሳቸው መንተባተብ ይሆናሉ።

ከአነባበብ የትኛውን ላስቀድም? እንደ ፈረንጅ መናገር አለብኝ?

የለባችሁም። ግቡ ሰሚው ሳይቸገር እንዲገባው ነው፤ የአገራችሁ ቅላጼ ነውር አይደለም። ማስቀደም ያለባችሁ ትርጉም የሚያዛቡትን ነው።

የመጀመሪያው ማጥበቅ ነው። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለያል፤ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ስለዚህ «ሀፒ»፣ «ሰመር»፣ «ዲነር» ላይ ድርብ ፊደል ስናይ እናጠብቃለን። በእንግሊዝኛ ግን እነዚያ ድርብ ፊደላት የጽሑፍ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ላልተው ይነበባሉ። ሁለተኛው የአናባቢ ርዝመት ነው። መርከብም በግም በፊደላችን «ሺፕ» ናቸው፤ መኖርም ለቆ መሄድም «ሊቭ» ናቸው። «አይ ዎንት ቱ ሊቭ ሂር» ያለ ሰው ሊቆይ ይሁን ሊሄድ የሚለየው አናባቢው አጥሮ ላላ እንደሆነ ወይም ረዝሞ ከንፈር ወደ ጎን እንደተለጠጠ ነው። ሦስተኛው ጫና ነው። እኛ የቃሉን ክፍሎች ሁሉ እኩል እንናገራለን፤ እንግሊዝኛ አንዱን ያጎላል፣ ሌሎቹን ይውጣል። «አይ ካን ጎ» ላይ «ካን»ን ካጎላችሁት ሰሚው «ካንት» ነው የሚሰማው። «ክን» ብላችሁ ዋጡትና «ጎ»ን አጉሉ።

ለኃላፊ ጊዜ መድረሻ እጃችሁን ጉሮሮ ላይ አድርጉ። ከመድረሻው በፊት ያለው ድምፅ ጉሮሮን ካላነዘረ መድረሻው «ት» ነው፦ «ወርክት»፣ «ስቶፕት»። ካነዘረ «ድ» ነው፦ «ፕሌይድ»። ግሡ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይጨመራል፦ «ዎንቲድ»። «ወርክ» እና «ዎክ»ም አይምታቱ፤ መራመድ በሚለው ውስጥ የተጻፈው «ል» አይነበብም። ለመፈተሽ የስልካችሁን ቁልፍ ሰሌዳ እንግሊዝኛ አድርጉና ማይኩን ተጭናችሁ ተናገሩ፤ በግ ብላችሁ መርከብ ከጻፈ ልምምዱ እዚያ ላይ ይሁን።

ብቻዬን መለማመድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቢቢሲ ለቋንቋ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የ6 ደቂቃ ፕሮግራም ከነጽሑፉ አውርዱ። 1 ደቂቃውን ብቻ ውሰዱ፤ አንዴ አዳምጡ፣ አንዴ ጽሑፉን እያያችሁ አዳምጡ፣ ከዚያ ከተናጋሪው ግማሽ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርታችሁ እንደ ጥላ ተከተሉት። 5 ጊዜ ድገሙት። 6ቱን ደቂቃ አንዴ ከመከተል 1ዱን 5 ጊዜ መከተል ይበልጣል።

ማታ ማታ ለአንድ ጓደኛ የ1 ደቂቃ ቮይስ በቴሌግራም ላኩ፤ እሱም በቮይስ አንድ ጥያቄ ይመልስ። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ጋር ማውራትም ጥሩ ነው፤ አይሰለችም፣ አይስቅም። አነባበብን ግን ከዐውዱ እየገመተ ያልፋችኋል፤ ስለገባው ብቻ አነባበባችሁ ትክክል ነው አትበሉ።

ከክፍል ውጭ በእንግሊዝኛ ሳወራ «ጉራ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

ካፌ ውስጥ፣ አማርኛ በሚያወሩ ሰዎች መሀል ድንገት እንግሊዝኛ መጀመር ለሰሚው ከበድ ማለቱ እውነት ነው። ሁሉንም ለማሳመን አትድከሙ። ሦስት ሆናችሁ ተስማሙ፤ ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ይሁን፤ ከእራት በኋላ ዎክ ስታደርጉ ከዶርም እስከ ላይብረሪ በእንግሊዝኛ፣ ስትመለሱ በአማርኛ። መነሻና መድረሻ ያለው ነገር ልምምድ እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ክፍል ውስጥ በሚሳሳት ላይ መሳቅን ግን መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ማስቆም አለበት። በ1ኛው ሳምንት የተሳቀበት ተማሪ ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል፤ ይሄ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ፕሬዘንቴሽን በቃሌ ላጥና?

አታጥኑ። በቃል የተያዘ ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ያዙ፤ ለመሀሉ በአንድ ካርድ ላይ 5 ቃል ጻፉ። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ 3 ጊዜ አውሩት። በየጊዜው ዓረፍተ ነገሩ ይለያይ፤ እንዲያውም ይለያይ ዘንድ ይፈለጋል።

ንግግር የሚታረመው በምንድን ነው?

እንደ መምህሩ ይለያያል፤ የአይኤልትስ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ መለኪያ ግን ጥሩ መስተዋት ነው። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ሲሆን አራት ነገሮች እኩል ይመዘናሉ፦ ቅልጥፍናና መያያዝ፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ አነባበብ። ሰዋስው ሩብ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በ2ኛው ክፍል 1 ደቂቃ ማሰቢያ ተሰጥቶ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻን ይወራል፤ ለዚህ 4/3/2 ቀጥተኛ ዝግጅት ነው።

እንግሊዝኛዬ ትክክል ሆኖ ሳለ ከውጭ ሰው ጋር የማንግባባው ለምንድን ነው?

ሁለት ቦታ ላይ ይከሰታል። አንዱ «አዎ» ነው። «አልመጣም?» ስንባል «አዎ» ካልን አልመጣም ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ሂ ካም?» ለሚል ጥያቄ «የስ» ማለት መጥቷል ነው፤ ካልመጣ «ኖ» ይባላል። ጥርጣሬ ካለባችሁ ሙሉውን «ኖ፣ ሂ ዲድንት» በሉ። ሌላው ሰዓት ነው። የጠዋቱ 3 ሰዓት ለእሱ 9 ነው፤ «ስሪ ኦክሎክ» ብላችሁ የቀጠራችሁት ሰው 6 ሰዓት ዘግይቶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው።

መግባባት እችላለሁ፣ ግን ያው ስህተት ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም። ለምን ቆምኩ?

ስለተግባባችሁ ነው። «ሂ ጎ» ስትሉ ሁሉም እየገባው ካለፈ አእምሮ የሚያርምበት ምክንያት የለውም። ብዙ ማውራት ብቻ ይሄን አይፈታውም፤ ቅልጥፍናው ይጨምራል፣ ስህተቱም አብሮ ይቀላጠፋል።

መጀመሪያ ያስቀመጣችሁትን ቀረጻ አውጡ። 1 ደቂቃውን ያላችሁትን እንዳላችሁት፣ «እ…»ውን ሳይቀር፣ በወረቀት ገልብጡ። 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ አትዝለሉ። በቀይ እስክሪብቶ አስምሩና ከሁሉ በላይ የተደጋገመውን አንድ ስህተት ምረጡ፤ ሁለት አትምረጡ። ለ2 ሳምንት እሱን ብቻ ጠብቁ፦ ስታወሩ ካመለጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙ፤ ጓደኛችሁም እሱን ሲሰማ ብቻ ጣቱን ያንሳ። በ14ኛው ቀን ያንኑ የ«ትናንት» ርዕስ እንደገና ቅረጹና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስህተቱ ከግማሽ በታች ከወረደ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ካልወረደ ሌላ 2 ሳምንት ስጡት።